ምራቅ፤ በአፍ ውስጥ ያለ ሐኪም

ስለ ጥርስና ስለ ድድ ጤንነት ለቤተ ሰብ የተሰጠ ምክር፤ ይልቁንም ለወልድያ፣ ለመርሳና ለሀብሩ ወረዳ አባቶችና እናቶች

አባቶቻችን አንድን ሰው የረጋ፣ ነገር ዐዋቂና አስተዋይ ነው ለማለት ሲፈልጉ «ምራቁን የዋጠ ሰው ነው» ይላሉ። ይህ አነጋገር በሸንጎና በሽምግልና ቦታ በየጊዜው የሚሰማ ቢሆንም፤ ዐዋቂነት ስለምን በምራቅ ተመሰለ ብሎ የሚመረምር ጥቂት ነው። ምሥጢሩ ግን ሩቅ አይደለም። ሕፃን ልጅ ምራቁን መዋጥ ገና አልለመደምና ለሃጩ በአገጩ ላይ ይወርዳል። ሙሉ ሰው ግን ቀንና ሌሊት ይውጠዋል፤ መዋጡንም እንኳ ልብ አይለውም። ስለዚህ ምራቅን መዋጥ የአካለ መጠንና የማስተዋል ምልክት ሆኖ ተቈጠረ።

ሕዝባችን ለምራቅ ያለው አስተያየት ግን ሁለት ዓይነት ነው። በአንድ በኩል መትፋት የንቀትና የመጸየፍ ምልክት ነው፤ «ወደ ላይ ቢተፉ ተመልሶ ባፉ» የሚለው ተረትም ከዚህ የመጣ ነው። በሌላ በኩል ግን በወሎ አገር ሽማግሌዎች፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ልጅን ሲመርቁ «እንትፍ፣ እንትፍ» እያሉ በረከታቸውን ያሳርፉበታል። በወንጌልም ጌታችን ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው ዓይን በምራቁ በለወሰው ጭቃ ቀብቶ እንዳበራለት ተጽፏል። እንግዲህ ምራቅ የተናቀ ነው ወይስ የተከበረ? የዛሬው የሕክምና ትምህርት የሚሰጠው መልስ ወደ መራቂዎቹ ሽማግሌዎች ያደላል። ምራቅ አፍን የሚያረጥብ ውሃ ብቻ አይደለምና፤ ጥርስን በየቀኑ የሚጠግን፣ የአፍን ቁስል ፈጥኖ እንዲድን የሚረዳ፣ በውስጡም የሰውን ሥጋ የሚያሳድግ ንጥረ ነገር የተገኘበት ድንቅ ፈሳሽ ነው።

ይህን ለማወቅ የምንደክመው ለዕውቀት ብቻ አይደለም። ምራቅን የሚያደርቅ፣ ሥራውን የሚያሰናክልና አፍን ያለ ምክንያት የሚያቈስል ልማድ በቤታችን ውስጥ ስላለ ነው። ከሁሉም ይልቅ የሚያሳዝነው ለሃጭ በዛበት ተብሎ የሕፃን ድድ መቈፈሩ ነው፤ ወደዚህ ነገር በኋላ እንመለስበታለን።

ምራቅ ከወዴት ይመነጫል?

ምራቅ የሚመነጨው ከ3 ጥንድ ታላላቅ ዕጢዎች፣ እንዲሁም በከንፈር፣ በጉንጭ፣ በምላስና በላንቃ ውስጥ ተበትነው ከሚገኙ በመቶ ከሚቈጠሩ ትንንሽ ዕጢዎች ነው። የመጀመሪያው ጥንድ በግራና በቀኝ ከጆሮ በታች ይገኛል። ልጆችን ጆሮ ደግፍ ሲይዛቸው ጉንጫቸው የሚያብጠው ይኸው ዕጢ ስለሚታመም ነው። ሁለተኛው ጥንድ ከመንጋጋ አጥንት በታች፤ ሦስተኛውም ከምላስ ሥር ነው። እነዚህ ሁሉ ተባብረው ለአንድ ሙሉ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ከግማሽ ሊትር እስከ አንድ ሊትር ተኩል የሚደርስ ምራቅ ያፈልቃሉ። ሰው ሲያኝክ ይበዛል፤ ሲተኛ ግን ምንጩ ሊቆም ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ይቀንሳል።

ከዚህ ፈሳሽ ከ100 እጅ 99ኙ ውሃ ነው። ታላቁ ሥራ የሚሠራው ግን በቀረችው በአንዲቱ እጅ ነው። በእርስዋ ውስጥ ጥርስ የተሠራበት ካልሲየምና ፎስፌት የሚባለው ማዕድን አለ፤ ኮምጣጣውን የሚያረግብ ጨው አለ፤ ምግብን አለስልሶ ለመዋጥ የሚያመቻች ልዝብ ዝልግልግ ነገር አለ። እንጀራን ወይም ቆሎን አዘግይቶ ያኘከ ሰው መጨረሻ ላይ ጣፋጭነት የሚሰማው በምራቅ ውስጥ ያለው አሚሌዝ የተባለው ንጥረ ነገር የእህሉን ዱቄት ወደ ስኳር ስለሚለውጠው ነው። ከዚህም በላይ ስኮትላንዳዊው ሐኪም አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ፔኒሲሊንን ከማግኘቱ አስቀድሞ፣ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1922 ዓመት፣ በእንባና በምራቅ ውስጥ አንዳንድ ተሐዋስያንን የሚያሟሟ ላይሶዛይም የሚባል ንጥረ ነገር መኖሩን ለዓለም አስታውቋል። በዚህ ጽሑፍ የውጭ አገር ሊቃውንት ሥራ ዓመቱ የተጻፈው በአውሮጳ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይረዳልን።

የሚፈርስና የሚታነጽ ጥርስ

ጥርስ ከሰውነት ክፍል ሁሉ የጠነከረ ልባስ ያለው ቢሆንም ጠላት አለው፤ ጠላቱም አሲድ ነው። በጥርስ ላይ ተለጥፈው የሚኖሩ ተሐዋስያን ስኳር ባገኙ ጊዜ እርሱን እየበሉ አሲድ ይወልዳሉ። የአፍ የአሲድ መለኪያ ቍጥር ከ5.5 በታች ሲወርድ ካልሲየሙና ፎስፌቱ ከጥርሱ እየሟሟ መውጣት ይጀምራል። በ1940ዎቹ ዓመታት አሜሪካዊው ሊቅ ሮበርት ስቴፋን ይህን በጥርስ ላይ እየለካ አሳይቷል፤ ይኸውም ሰው ስኳር በቀመሰ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ አሲዱ ይበረታል፤ ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ ወደ ነበረበት ይመለሳል። የሚመልሰውም ማን ነው? ምራቅ ነው። ምራቅ አሲዱን ያረግበዋል፤ የተነቀለውንም ማዕድን ከራሱ መዝገብ አውጥቶ ለጥርሱ ይመልሳል። እንግዲህ ጥርስ በየቀኑ ይፈርሳል፤ በየቀኑም ይታነጻል ለማለት ይቻላል። ነገር ግን ግንበኛው ጊዜ ይፈልጋል፤ ጊዜውም ከ30 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ያህል ነው።

ይህን በቡና ሥርዓታችን ላይ አድርገን እንመልከተው። በወልድያም ሆነ በመርሳ ጎረቤት ተጠራርቶ ቡና ሲጠጣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለ ይቀጥላል። ስኒው ሁሉ በስኳር የጣፈጠ እንደ ሆነ፣ በአቦሉ የተነሣውን አሲድ ምራቅ ገና ሳያረግበው ቶናው ይመጣል፤ ቶናው ሳይበርድም በረካው ይከተላል። በዚህ ላይ ቀኑን ሙሉ ከሻይ ቤት ወደ ሻይ ቤት እየዞረ ሦስትና አራት ማንኪያ ስኳር የሚጨምር ሰው ጥርሱ የሚታነጽበት ሰዓት ጨርሶ አያገኝም። ስለዚህ ጥርስን የሚጎዳው የስኳሩ ብዛት ብቻ ሳይሆን የመመላለሱ ነገር ነው። ይህን ስንል ቡናን መንቀፋችን አይደለም። የቡና ሥርዓት ጎረቤትን ከጎረቤት የሚያስታርቅ መልካም ልማድ ነውና፤ ስኳሩን በአንዱ ስኒ ብቻ አድርጎ የቀረውን ያለ ስኳር መጠጣት፣ ከቡናውም ጋር ጣፋጭ ከመብላት ይልቅ የገብስ ቆሎ መቈርጠም ይሻላል ለማለት ነው። ቆሎ ማኘክን ይፈልጋል፤ ማኘክም ምራቅን ያመጣል።

ከወልድያ ወደ ደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው መርሳ የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በወረዳው በመስኖ ከሚለማው መሬት ብርቱካን፣ ሎሚ፣ ማንጎና ፓፓያ ይገኛል። ፍራፍሬ ለጤና የሚያስፈልግ በረከት ነው፤ ሎሚና ብርቱካን ግን በራሳቸው ኮምጣጣ ስለ ሆኑ የጥርስን ልባስ ለጊዜው ያለሰልሱታል። እንደዚህ ያለ ነገር የበላ ሰው ወዲያው ጥርሱን ቢፍቅ የለሰለሰውን ልባስ ይልጠዋልና፤ በመጀመሪያ አፉን በንጹሕ ውሃ ተጉመጥሙጦ ግማሽ ሰዓት ያህል ለምራቅ ጊዜ ቢሰጥ ይበጀዋል። በመከር ወራት ልጆች የሚልጡት ጥንቅሽም እንዲሁ ነው። ማኘኩ ምራቅን ቢያመጣም ጣፋጭ ውሃው በጥርስ መካከል ይቀራልና፤ ልጆቹ ጥንቅሹን በልተው ሲጨርሱ አፋቸውን እንዲጉመጠመጡ ማስለመድ የእናት ፈንታ ነው።

ከአይጥ ምራቅ ዕጢ የተገኘው ምሥጢር

አሁን ከሁሉ ወደሚያስደንቀው ነገር እንሂድ። ሪታ ሌቪ ሞንታልቺኒ የተባለች ሴት በ1909 በኢጣልያ አገር በቶሪኖ ከተማ ተወለደች፤ ሕክምናም ተማረች። በ1935 አገራችንን የወረረው የፋሺስት መንግሥት በ1938 ደግሞ በገዛ አገሩ በአይሁድ ላይ የዘር ሕግ ባወጣ ጊዜ፣ እርስዋም የአይሁድ ወገን ነበረችና ከዩኒቨርሲቲ ሥራዋ ተከለከለች። ነገር ግን ተስፋ አልቈረጠችም፤ በመኝታ ክፍልዋ ውስጥ ትንሽ የምርምር ቦታ አዘጋጅታ በዶሮ ዕንቍላል ውስጥ ያለው ጫጩት ነርቭ እንዴት እንደሚያድግ ትመረምር ጀመር። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ወደ አሜሪካ ተሻግራ በሴንት ሉዊስ ከተማ ሥራዋን ቀጠለች፤ በዚያም ስታንሊ ኮኸን ከተባለ የኬሚስትሪ ሊቅ ጋር ተገናኘች።

ሁለቱ ሊቃውንት ነርቭን የሚያሳድገውን ንጥረ ነገር በመጀመሪያ ያገኙት ከአይጥ ዕባጭ ውስጥ ነው። ኋላም የእባብ መርዝ ለሌላ ሥራ ቢጨምሩበት፣ መርዙ ራሱ ከዕባጩ ይልቅ በዚሁ ንጥረ ነገር የበለጸገ ሆኖ ተገኘ። ኮኸንም የእባብ መርዝ ከረጢት በሌሎች እንስሳት ዘንድ የምራቅ ዕጢ ማለት ነው ብሎ አሰበ፤ የአይጥን የምራቅ ዕጢ ቢመረምር እንደ አሰበው በብዛት አገኘው። ከዚያ የምራቅ ዕጢ የተጨመቀውን ፈሳሽ አዲስ ለተወለዱ የአይጥ ግልገሎች ቢወጋቸው ያልተጠበቀ ነገር ታየ። በ12 ወይም በ14 ቀን ይገለጥ የነበረው ዓይናቸው በ6 ወይም በ7 ቀን ተገለጠ፤ በ8 ወይም በ10 ቀን ይበቅል የነበረው ጥርሳቸውም በ5 ወይም በ6 ቀን በቀለ። ኮኸን ይህን የሚያደርገውን ሁለተኛ ንጥረ ነገር ለይቶ በ1962 አስታወቀ። ቆዳንና የአፍን ልባስ የሚሠሩት ሴል የሚባሉት ጥቃቅን የሥጋ ክፍሎች እንዲበዙ የሚቀሰቅስ ነውና፤ እኛ በቋንቋችን አሳዳጊ ንጥረ ነገር ብንለው ይስማማዋል። ስለዚህ ሥራቸው ሁለቱ በ1986 የኖቤልን ሽልማት ተቀበሉ። ሌቪ ሞንታልቺኒ 103 ዓመት ኖራ በ2012 ዐርፋለች።

ከዚያ ወዲህ ምርምሩ እየሰፋ ሄደ። በ1979 የታተመ አንድ ጥናት የምራቅ ዕጢያቸው የወጣ አይጦች የቈዳቸው ቁስል ከሌሎቹ ዘግይቶ እንደሚገጥም አስረዳ፤ እንስሳ ቁስሉን የሚልሰው በከንቱ እንዳልሆነ ከዚህ ታወቀ። በሰው ምራቅ ውስጥ አሳዳጊው ንጥረ ነገር እንደ አይጥ የበዛ አይደለም፤ ይሁን እንጂ በ2008 በአምስተርዳም ከተማ ያሉ ሊቃውንት በሰው ምራቅ ውስጥ ሂስታቲን የሚባሉ ትንንሽ ፕሮቲኖች የቁስልን አፍ በመግጠም ዋናውን ድርሻ እንደሚይዙ አሳይተዋል። የምንውጠውም ምራቅ ወደ ጨጓራ ወርዶ በዚያ ያለውን ስስ ልባስ በመጠበቅ እንደሚረዳ በአይጥ ላይ የተደረገው ምርመራ ያመለክታል። እንግዲህ ምራቅን መዋጥ መልካም ነው የሚለው ያገራችን አነጋገር በሌላ መንገድ ደግሞ እውነት ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። ዕውቀቱም በመጻሕፍት ብቻ አልቀረም። ለደም ካንሰር በሚሰጠው ብርቱ ሕክምና አፋቸው ለሚቈስል በሽተኞች፣ ከነዚሁ አሳዳጊ ንጥረ ነገሮች ወገን የሆነ ፓሊፈርሚን የሚባል መድኃኒት በ2004 በአሜሪካ ተፈቅዷል።

በቤታችን ያለ ምስክር

የአፍ ቁስል ፈጥኖ እንደሚድን ለማወቅ ወደ ሩቅ አገር መሄድ አያሻም። ምላሱን የነከሰ ሰው በጥቂት ቀን ውስጥ ይረሳዋል፤ ጣቱን ያን ያህል የቈረጠ ግን ሳምንት አልፎት ጠባሳው ይቀራል። በወሎና በሰሜኑ አገር እናቶቻችን ጥርሳቸው ነጭ ሆኖ እንዲታይ ብለው ድዳቸውን በእሾህ ወይም በመርፌ እየወጉ በጥቀርሻ ይነቀሱ ነበር። ይህን ያህል የተወጋ ሥጋ በሌላ ቦታ ቢሆን ኖሮ ብዙ ጊዜ በተሠቃየ ነበር፤ ድድ ግን በጥቂት ቀን ውስጥ ያገግም ነበር። ለዚህ ምክንያቱ የአፍ ሥጋ ራሱ ፈጥኖ የሚታደስ መሆኑና ደሙ የበዛ መሆኑ ነው፤ ምራቅም ሁልጊዜ እያረጠበና እያጠበ ይረዳዋል። ይህን ስንል ግን ንቅሳትን ማመስገናችን እንዳይመስል። አንዱ መርፌ ከአንዲቱ ወደ ሌላይቱ ሴት ሲተላለፍ የጉበት በሽታና ኤች አይ ቪ አብሮ ይተላለፋልና።

በዚሁ ነገር አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ መጨመር ያስፈልጋል። ምራቅ ለባለቤቱ አፍ መድኃኒት ነው ማለት ለሌላው ቁስል መድኃኒት ነው ማለት አይደለም። በሰው ምራቅ ውስጥ በአፍ ሲኖሩ የማይጐዱ፣ በሌላ ቁስል ቢገቡ ግን መግል የሚያመጡ ተሐዋስያን አሉ። የውሻ ምራቅማ ከሁሉ የከፋ ነው፤ የእብድ ውሻ በሽታ የሚተላለፈው በምራቅ ነውና። ውሻ ቁስልን እንዲልስ መፍቀድ ፈጽሞ አይገባም። የነከሰው ወይም ቁስሉን የላሰው ሰው ቢኖር ቦታውን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ አጥቦ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ክትባቱን መጀመር አለበት።

ሕፃኑና ለሃጩ

አሁን በመጀመሪያ ወደ አነሣነው ነገር ደረስን። ሕፃን 3 ወይም 4 ወር በሞላው ጊዜ ለሃጩ ይበዛል። የምራቅ ዕጢዎቹ ሥራቸውን እያበዙ ሲሄዱ እርሱ ግን መዋጥን ገና አልለመደም፤ ወደ ፊት የሚወጡትን ጥርሶች የሚጠብቀው ውሃ አስቀድሞ መጣ ማለት ነው እንጂ በሽታ አይደለም። በ6 ወር ገደማ የፊት ጥርሶች ይበቅላሉ፤ ክራንቻ የሚባሉት ግን አንድ ዓመት ከመንፈቅ አካባቢ እስኪሆነው ድረስ አይወጡም። እስከዚያው በድዱ ውስጥ ተሰውረው ሲያድጉ ድዱ በቦታቸው አበጥ ብሎና ነጣ ብሎ ይታያል።

በዚሁ ዕድሜ ሕፃኑ ይድሃል፤ መሬት የነካውን ሁሉ ወደ አፉ ይወስዳል፤ ከጡትም ሌላ ምግብ ይጀምራል። ስለዚህ ከእጁ፣ ከዕቃውና ካልፈላ ውሃ በሚገባ ተሐዋስያን ምክንያት ተቅማጥ፣ ማስመለስና ትኩሳት ይይዘዋል። ወላጆች ግን ለሃጩንና ያበጠውን ድድ አይተው የበሽታው ሥር ጥርሱ ነው ይላሉ። ከዚያም ሕፃኑን ወደ ጥርስ አውጪ ይወስዱታል፤ አውጪውም በጥፍሩ፣ በወስፌ ወይም በምላጭ ድዱን ፈልፍሎ ገና ያልጠነከረውን ነጭ ነገር አውጥቶ «ትሉ ይኸው» ብሎ ያሳያቸዋል። ያ ግን ትል አይደለም፤ የልጃቸው የክራንቻ ጥርስ ነው።

ከዚህ የሚመጣው ጉዳት ብዙ ነው። ሕፃን ያለው ደም ጥቂት ስለ ሆነ መድማቱ ብቻውን ሕይወቱን ሊያሳጣው ይችላል። ባልነጻ ብረት የተነካ ቁስል መግል ይይዛል፤ መንጋጋ ቈልፍ የሚባለውም በሽታ ይገባበታል። ከሞት ቢተርፍ እንኳ ከወተት ጥርሱ በታች የተሰወረው የዘለቄታው ጥርስ ዘር አብሮ ይቈስልና፣ ኋላ ተጣምሞ ይወጣል ወይም ጨርሶ ይቀራል። በ1994 በእስራኤል አገር ያሉ የጥርስ ሐኪሞች ከኢትዮጵያ የሄዱ ቤተ እስራኤል ሕፃናትን መርምረው፣ ብዙዎቹ የወተት ክራንቻቸው እንደ ወጣባቸው፣ በቦታውም የበቀሉት ጥርሶች ጉድለት እንደ ታየባቸው ጽፈዋል። የእንጥል መቍረጥም ነገር ከዚህ የማይለይ ነው። ዋናው ጥፋት ግን ሌላ ነው፤ ይኸውም ወላጆች ጥርሱ ወጣ ብለው ልባቸውን ሲያሳርፉ ተቅማጡ ሥራውን ይቀጥላልና፣ ሕፃኑ ሊድን በሚችልበት ሰዓት ውሃው ከሰውነቱ አልቆ ይሞታል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ጡቱን ሳያቋርጡ ማጥባት ነው፤ በጤና ኬላ የሚሰጠውን ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ፈልቶ በበረደ ውሃ በጥብጦ ቶሎ ቶሎ መስጠት ነው፤ ዓይኑ የጐደጐደ፣ ደም የቀላቀለ ወይም መጥባት ያቃተው እንደ ሆነ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ማድረስ ነው። ለሃጩን በንጹሕና በለስላሳ ጨርቅ መጥረግ፣ ድዱን በታጠበ ጣት በቀስታ ማሸት ይበቃል። በየቀበሌው ያሉት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ይህን ሊያስረዱ የተማሩ ናቸው። በኢትዮጵያ አቈጣጠር በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም በሕፃናት ላይ የሚፈጸመውን ጐጂ ልማድ ያስቀጣል። ነገር ግን እናቲቱ የምትፈራው ሕግን አይደለም፤ የልጅዋን ሞት ነው። ስለዚህ ከቅጣት ይልቅ እውነቱን በትዕግሥት ማስረዳት ይቀድማል።

አፍ ሲደርቅ

ምራቅ ምን ያህል እንደሚጠቅም የሚታወቀው ሲጠፋ ነው። በዳኛ ፊት የቆመ ሰው በፍርሃት አፉ ሲደርቅ ቃሉ ይሰነካከላል፤ ይህ ግን የሰዓት ነገር ነው። ለወራት የደረቀ አፍ ግን ጥርሱ በአንገቱ በኩል ይበሰብሳል፤ ድዱ ይቃጠላል፤ ደረቅ ዳቦ ያለ ውሃ አይወርድለትም። ይህ በስኳር በሽታ፣ ለራስና ለአንገት ካንሰር በሚደረግ የጨረር ሕክምና፣ እንዲሁም ለደም ብዛትና ለጭንቀት በሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶች ምክንያት ይመጣል። ሽማግሌ አባት ወይም አሮጊት እናት ያለው ቤተ ሰብ እንዲህ ያለውን ነገር የእርጅና ዕዳ ነው ብሎ ማለፍ አይገባውም፤ ለሐኪም ይንገር። ነገር ግን በገዛ ፈቃድ መድኃኒትን ማቋረጥ አደጋ አለው።

ጫት የሚቅም ሰው አፉ እንደሚደርቅ ራሱ ያውቀዋል፤ ድርቀቱን ለማስታገሥ በስኳር የጣፈጠ ሻይና ለስላሳ መጠጥ ደጋግሞ ይጠጣበታል። የምራቅ ምንጭ በደከመበት ሰዓት ስኳር ማብዛት ጥርስን ያለ ዘበኛ ለሌባ መተው ነው። አረቄም እንዲሁ አፍን ያደርቃል።

የጾም ነገር ደግሞ አለ። በወልድያና በሀብሩ ክርስቲያኑም እስላሙም የጾም ወራት አለው፤ በጾም ሰዓት ማኘክም መጠጣትም ስለሌለ ምራቅ ያንሳል፤ የአፍም ጠረን ይለወጣል። በረመዳን አንዳንድ ሰው ጾሙ እንዳይፈርስበት ሰግቶ ምራቁን ቀኑን ሙሉ ሲተፋ ይታያል፤ የእስልምና ሃይማኖት ሊቃውንት ግን ሰው የገዛ ምራቁን ቢውጥ ጾሙ እንደማይፈርስ ያስተምራሉ። ክርስቲያኑም በቈረበበት ቀን ከመትፋት ይጠነቀቃል። እንግዲህ ምራቅን ከማባከን ሁለቱም ወገን የሚጠበቅበት ሥርዓት አለው፤ በሚፈታበት ሰዓት አስቀድሞ ውሃ መጠጣት፣ ከበሉም በኋላ ጥርስን ፍቆ መተኛት ብቻ ይጨመርበት።

ለቤተ ሰብ የሚሆን ደንብ

1ኛ፤ ጥርስን ጠዋትና ማታ መፋቅ ያስፈልጋል፤ ከሁለቱ የማታው ይበልጣል። ሰው ሲተኛ ምራቅ ስለሚቀንስ በጥርስ ላይ ያደረ ምግብ ጠባቂ በሌለበት ሌሊቱን ሙሉ ይበላዋል። ፍሎራይድ ያለበት የጥርስ ሳሙና የተገኘ እንደ ሆነ መልካም ነው። ያልተገኘም እንደ ሆነ የወይራ፣ የልምጭ ወይም የክትክታ መፋቂያ ጫፉን አኝኮ እንደ ብሩሽ አለስልሶ፣ ድድን ሳያቈስሉ ከድድ ወደ ጥርስ ጫፍ መፋቅ ነው። መፋቂያ ሲታኘክ ደግሞ ምራቅን ያመጣል።

2ኛ፤ ጣፋጭ ነገር ቢበላ ከምግብ ጋር በአንድ ሰዓት ይሁን እንጂ ቀኑን ሙሉ አይመላለስ። ሕፃን በስኳር የጣፈጠ ጡጦ በአፉ ይዞ እንዲተኛ አይደረግ።

3ኛ፤ በቈላው ፀሐይ የሚሠራ ገበሬ፣ መንገደኛና ሙሉ ቀን የሚናገር መምህር ወይም ዳኛ በየጊዜው ንጹሕ ውሃ ይጠጣ። ውሃ ያጣ ሰውነት ምራቅ ሊሰጥ አይችልም።

4ኛ፤ የጥርስ ጥፋት ካለባት እናት አፍ ጥርስን የሚያበሰብሱት ተሐዋስያን በምራቅዋ ወደ ልጅዋ ይተላለፋሉ። ስለዚህ ለልጅ ምግብ አኝኮ መስጠት ይቅር፤ እናትም በመጀመሪያ የራስዋን ጥርስ ትታከም።

5ኛ፤ ጥርሱን በሐኪም ያስነቀለ ሰው በመጀመሪያው ቀን አይትፋ፤ አፉንም አጥብቆ አይጉመጥመጥ። በጐድጓዳው ውስጥ የረጋው ደም ራሱ አሳዳጊ ንጥረ ነገር የተሞላ የቁስሉ ክዳን ነውና፤ በመትፋት ቢነቀል አጥንቱ ተገልጦ ብርቱ ሕመም ያመጣል። እንደዚህ ያለ ሰው በእውነት ምራቁን መዋጥ አለበት። ከማግስቱ ጀምሮ ጨው በተጨመረበት ለብ ያለ ውሃ በቀስታ ይጉመጥመጥ። ደሙ አልቆም ያለው እንደ ሆነ ግን ወደ ሐኪሙ ይመለስ።

6ኛ፤ ምራቅና አክታ አንድ አይደሉም። ምራቅን መዋጥ መልካም ነው፤ የሚያስል ሰው አክታውን በጨርቅ ወይም በዕቃ ይቀበል እንጂ በመንገድ ላይ አይትፋ። የሳምባ በሽታ የሚዛመተው ከሚያስል ሰው ነውና፤ ሲያስልም አፉን ይሸፍን።

7ኛ፤ በ2 ሳምንት ውስጥ ያልዳነ የአፍ ቁስል ቢኖር በቸልታ አይታይ። አፍ ፈጥኖ የሚድን ስፍራ ሆኖ ሳለ ቁስሉ የዘገየ እንደ ሆነ ሌላ ምክንያት አለውና ሐኪም ይመርምረው።

እነዚህ ደንቦች ገንዘብን አይጠይቁም። የጥርስ ሐኪም በየወረዳው በማይገኝበት አገር በእያንዳንዱ ሰው አፍ ውስጥ ሐኪም ተቀምጧል፤ ክፍያም አይጠይቅም፤ ከእኛ የሚፈልገው እንዳናደርቀውና ሥራውን እንዳናበላሽበት ብቻ ነው። በየወረዳውና በየቀበሌው ያላችሁ ሹማምንት፣ ቃላችሁ የሚሰማላችሁ ካህናት፣ ሸኾችና ሽማግሌዎች፣ ይህን ነገር በገበያ ቀንና በማኅበር ላይ ተናገሩ። ይልቁንም አንዲት እናት የሚያስቀምጠውን ሕፃንዋን ታቅፋ ወደ ጥርስ አውጪ ስትሄድ ያያት ሰው፣ መንገድዋን ወደ ጤና ጣቢያ ቢመልሰው፣ ከሽማግሌ ምርቃት የማያንስ በረከት ለዚያ ልጅ ሰጥቶታል።